ክራር ወይስ ኪቦርድ? ልጅዎ የሙዚቃ መሣሪያ ብትማር በእርግጥ ምን ታገኛለች?

ጥያቄ፦ «ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ 3ኛ ክፍል። ሂሳብ ላይ ትደክማለች። የሙዚቃ መሣሪያ የሚማር ልጅ አእምሮው ይከፈታል፣ በተለይ ሂሳብ ይጎብዛል ሲባል ስለሰማሁ ኪቦርድ ልገዛላት አስቤያለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴም እልካለሁ ብላለች። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት በወላጆች ቀን ክራር ሲመታ ካየች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ክራር ሆኗል። እኔ መሠረቱ ኪቦርድ ነው፣ ክራር በኋላ ይደርሳል ባይ ነኝ። አባቷ ደግሞ የጥናት ጊዜዋን ይሻማል ብሎ ሁለቱንም አይፈልግም። ማንን ልስማ? በዚያውም እኔ 39 ዓመቴ ነው። ለራሴ ልጀምር ብል ዘግይቻለሁ?»

ምላሽ፦

ልጅቷን ይስሙ። ክራር ይግዙላት። ለሂሳቡ ደግሞ ሂሳብ የሚያስጠናት ሰው ይፈልጉላት። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይፈታም።

ከሂሳቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ ገንዘቡን የሚያወጣው በዚህ ተስፋ ነው። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከወጣች አንዲት አጭር ጽሑፍ ነው። ፍራንሲስ ራውሸር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለ10 ደቂቃ ሞዛርት ለሁለት ፒያኖ የጻፈውን ሶናታ አስደመጠች። ከዚያ ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ መገመትን የመሰለ ፈተና ተሰጣቸው። በዝምታ ተቀምጠው ከተፈተኑበት ጊዜ የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥቅሙ የቆየው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፦ ተፈታኞቹ ልጆች አይደሉም። መሣሪያ አልተጫወቱም፣ ሰሙ እንጂ። ፈተናውም ሂሳብ አልነበረም። ይህች ጥናት በየጋዜጣው ስትዞር «ሞዛርት ልጅ ያጎብዛል» ሆና ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ዜል ሚለር ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በጀት እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር።

«እሺ፣ መስማቱ ይቅር፤ መማሩስ?» ይሉኝ ይሆናል። እሱም ተፈትኗል። ግሌን ሼለንበርግ የተባለ ተመራማሪ ቶሮንቶ ውስጥ 144 የ6 ዓመት ልጆችን በአራት ምድብ ከፈለ። አንዱ ምድብ ኪቦርድ ተማረ፣ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ድራማ። አራተኛው ምንም አልተማረም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁሉም ልጆች በአእምሮ ብቃት ፈተና ከፍ ብለው ተገኙ፤ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ሙዚቃ የተማሩት ከሌሎቹ የበለጡት በአማካይ ወደ 3 ነጥብ ገደማ ነው። ድራማ የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር በመግባባት በልጠው ተገኙ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሳላ እና ጎቤት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን ያካተቱ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ መዘኑ። ሙዚቃ የተማሩት ልጆች ሌላ ነገር ከተማሩ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ወረደ። እንግዲህ ሙዚቃን ለሂሳብ ብሎ መማር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ በዙሪያችን ያሉ ፒያኖ የሚማሩ ልጆች ለምን ጎበዝ ይመስላሉ? ፒያኖ የሚያስተምር ወላጅ ብዙውን ጊዜ አስጠኚም ይቀጥራል፣ መጽሐፍም ይገዛል፣ ማታ ደብተር ያያል። ልጁ በልቶና ተኝቶ ነው የሚያድረው። ፒያኖው ሳሎን ውስጥ ስለሚታይ ምስጋናው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል።

ይህን ስል ጥቅም የለውም እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ደግሞም ብዙ ነው።

አንደኛው ጆሮ ነው። ኒና ክራውስ የምትባል የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ፣ በነፃ ሙዚቃ የሚማሩ ልጆችን ተከታትላ ነበር። ከ1 ዓመት በኋላ የተለየ ነገር አልታየም። ከ2 ዓመት በኋላ ግን የልጆቹ አንጎል ተቀራራቢ የንግግር ድምፆችን፣ ለምሳሌ «ባ» እና «ጋ»ን፣ አጥርቶ መለየት ጀመረ። እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው ጊዜውን ነው። በክረምት የሁለት ወር ኮርስ ለውጥ እናመጣለን የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት።

ሁለተኛው እጅ ነው። በሌላ ጥናት 6 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች 15 ወር ኪቦርድ ከተማሩ በኋላ የአንጎላቸው ቅርጽ በኤም.አር.አይ. (MRI) ምስል ታይቷል። የተለወጡት በዋናነት እንቅስቃሴን የሚያዝዘውና ድምፅን የሚቀበለው ክፍል ናቸው። የጣት ቅልጥፍናቸው ጨመረ፣ ዜማና ምት መለየታቸው ተሻሻለ። ሌላው ችሎታቸው ከእኩዮቻቸው የተለየ አልሆነም። ኳስ የሚራገጥ ልጅ እግሩ ይጠነክራል እንጂ የእጅ ጽሑፉ አያምርም፤ ነገሩ እንዲያ ነው።

ሦስተኛውን በቁጥር አላሳይዎትም፣ ግን ከማስተምራቸው ልጆች ላይ በየጊዜው አየዋለሁ። ልጅ በዚህ ዘመን ጥረቱ ፍሬ ሲያፈራ በዓይኑ የሚያይበት ነገር ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ውጤት በሴሚስተር መጨረሻ ይመጣል፣ ያውም በቁጥር። ክራር ላይ ግን ሰኞ እምቢ ያለ ጣት ዓርብ እሺ ይላል። ልጁ ራሱ ይሰማዋል፣ ማንም አይነግረውም። ከዚያ ወንድምዬው እያጨበጨበ እሱ ሲመታ፣ አያት ከጓዳ ሆነው ሲያንጎራጉሩ፣ ያ ልጅ ቤቱ ውስጥ ቦታ ያገኛል። ለእኔ መሣሪያ ለመማር ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክራርና ኪቦርድ። «መሠረቱ ኪቦርድ ነው» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኪቦርድ ለጀማሪ ይመቻል። ቁልፉን ሲጫኑት ትክክለኛ ድምፅ ይወጣል። ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀጠነ ስለሚሄድ ለዓይን ግልጽ ነው። ኖታ ለማንበብ፣ ሁለት እጅ ለየብቻ ለማዘዝ፣ ድምፆች ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን ለመረዳት የሚያህለው የለም። የጆሮ ማዳመጫ ሲሰኩበት ጎረቤት አይረበሽም፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን ባትሪ ካልያዘ ዝም ይላል።

መሠረት ግን አይደለም። የሙዚቃ መሠረት ጆሮ፣ ምትና የሚታዘዝ ጣት ነው፤ እነዚህን የትኛውም መሣሪያ ያስተምራል። ግርማ ይፍራሸዋን ይውሰዱ። ዛሬ በዓለም መድረክ የሚጫወት ፒያኒስት ነው። በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነው። ፒያኖ ጋር የተገናኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ በ16 ዓመቱ ሲሆን ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄዶ ተማረ። ክራሩ ወደ ኋላ አልጎተተውም።

ክራር እንዲያውም ኪቦርድ የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፦ መቃኘት። ኪቦርድ ተቃኝቶ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ድምፁ ልክ ይሁን አይሁን አይጠየቅም። ክራር ግን ሁልጊዜ ይጠይቃል። ባለ 6 ክር ክራር በትዝታ ቅኝት ሲቃኝ አምስቱ ክሮች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ። ስድስተኛው የዶ እጥፍ ነው፤ ያው ዶ ቀጥኖ ሲሰማ ማለት ነው። አሁን ሚንና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጓቸው። ያው ክራር፣ ያው ጣት፣ ግን ሌላ ስሜት፦ ትዝታ ማይነር። የ8 ዓመት ልጅ ሁለት መቃኛ አዙራ ደስ ያለው ዜማ ሲያዝን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚታየውን አይቼ አልጠግብም። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ሲጨመሩ ደግሞ ራዲዮ ላይ የምትሰማውን ዘፈን «ይሄ ባቲ ነው» ማለት ትጀምራለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህን ይመስላል። ልጅቷ ክራሩን ደገፍ አድርጋ ትይዛለች። የግራ እጇ ከኋላ በኩል ይገባና እያንዳንዱ ጣት በየክሩ ላይ ያርፋል። በግርፍ አመታት ቀኝ እጇ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ የግራ ጣቶቿ ያፈኗቸው ክሮች ዝም ይላሉ፣ ጣቷን ያነሣችለት ክር ብቻ ይጮኻል። እንግዲህ ጨዋታው ማንሳት ነው፣ መጫን አይደለም። ለብዙ ልጅ ይህ ግራ ነው። የቀለበት ጣት በተለይ አልታዘዝ ይላል፤ እሱን አንሺ ስትባል ትንሿ ጣት አብራ ትነሣለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ድርድሩ፣ ማለትም ክሮቹን በጣት ነጠል ነጠል እያደረጉ መጫወቱ፣ በኋላ ይመጣል።

የክራር ጉድለት አልደብቅዎትም። በአንድ ጊዜ የሚቃኘው በአንድ ቅኝት ነው፤ በመሐል ልቀይር ቢሉ ቆመው መቃኘት አለብዎት። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያሉት ድምፆቹ ጥቂት ናቸው። ብዙ የክራር አስተማሪ ኖታ አያስተምርም፣ በጆሮና በዓይን ነው የሚያስተላልፈው። ልጅዎ አንድ ቀን ያሬድ ልግባ ብትል ኖታ ያስፈልጋታል። በ10 ወይም በ11 ዓመቷ ቢጀመር ይደረስበታል።

ለምን ክራር ያልኩበት ዋናው ምክንያት ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ክራር ያለችው እሷ ስለሆነች ነው። መሣሪያ ጥቅም የሚሰጠው በየቀኑ ሲነካ ነው፤ በየቀኑ የሚነካው ደግሞ የተወደደ መሣሪያ ነው። እናት መርጣ የገዛችው ኪቦርድ ስድስት ወር ሳይሞላው ጨርቅ ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሲሆን ብዙ ቤት አይቻለሁ።

ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በየሱቁ ከተሰቀሉት ክራሮች ብዙዎቹ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ያምራሉ፣ አይቃኙም። የቻሉ እንደሆነ አስተማሪዋን ይዘው ይሂዱ። ካልሆነ ሱቁ ውስጥ ያስቃኙት፣ ሌላ ሌላውን እያዩ ትንሽ ይቆዩና እንደገና ያስመቱት። አዲስ የናይሎን ክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ትንሽ ቢወርድ ችግር የለም። መቃኛው ራሱ እየተንሸራተተ ከላላ ግን ይተዉት። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ። ክብደቱም ለትንሽ ክንድ ይሁን፤ «ታድግበታለች» ብለው ትልቅ አይግዙ፣ ጫማ አይደለም። ለመቃኘት በስልክ ላይ በነፃ የሚገኝ መቃኛ መተግበሪያ ይበቃዎታል። መጀመሪያ በጆሮዋ ትሞክር፣ ከዚያ ስልኩ ያርማት።

ስለ ልምምድ ደግሞ ወላጅ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከማስቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበልጣል። ጣት የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ስለሆነ ብዙ ቀን፣ ብዙ ሌሊት ያስፈልገዋል። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ የቤት ሥራ እንዳለቀ፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት። ክራሩ በቦርሳው ታሽጎ ቁም ሳጥን ላይ አይውጣ። እጇ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ይንጠልጠል። ስትሳሳት ከወጥ ቤት ሆነው «እንደሱ አይደለም!» አይበሉ። ያቺን የተሳሳተችባትን ቦታ ብቻ ለይታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ደጋግማ ትምታት። ልጆች ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው መሮጥ ይወዳሉ፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታሉ፣ ስህተቱንም ያጠኑታል።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ወር ላይ ትሰለቻለች። ይህን አስቀድመው ይወቁት። አዲስነቱ አልቆ ችሎታው ገና ያልመጣበት ጊዜ ነው። መቆጣት አይረዳም። የሚረዳው ከሌላ ልጅ ጋር አብሮ መምታት ነው፤ ወይ የምትወደውን አንድ ዘፈን አስተማሪዋ አቅልሎ እንዲያሳያት ማድረግ። ክራርን የቅጣት መሣሪያ አያድርጉት። «ደብተርሽን ካልጨረስሽ ክራር የለም» ማለትም፣ «አጥፍተሻልና ግማሽ ሰዓት ክራር ምቺ» ማለትም ሁለቱም ያበላሻሉ።

አስተማሪ ሲመርጡ ጎበዝ ተጫዋች መሆኑን ብቻ አይዩ። ልጅ አስተምሮ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ አንድ ትምህርት ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ሰዓቱን ሙሉ ራሱ እየተጫወተ የሚያስደንቃችሁ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ቤት የሚመጣ ከሆነ ትምህርቱ ሳሎን ውስጥ ይሁን፤ ሌላ ቦታ ከሆነም በሩ ክፍት ሆኖ፣ አዋቂ በሚያይበት። ይህን ስጠይቅ ሰው ይቀየመኛል ብለው አያፍሩ። ቁም ነገረኛ አስተማሪ አይቀየምም። ዩቲዩብ ብቻውን ለአዋቂ ሊበቃ ይችላል፤ ለ8 ዓመት ልጅ አይበቃም፣ ምክንያቱም ቪዲዮ የእጅ አያያዟን አያርምም። ጣቷን ወይም አንጓዋን አመመኝ ካለች ያን ቀን ታቁም፣ አያያዟም ይታይ። የጣት ጫፍ መጠነኛ መቆጥቆጥ ያለ ነው። የአንጓ ሕመም ግን ተለማምዶ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ወደ አባቷ ልመለስ። የጥናት ጊዜ ያሉት በቀን 15 ደቂቃና በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። ልጅቷ ስልክ ላይ ከምታጠፋው ያንሳል ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። ግን አባቶች «ጥናት» ሲሉ አንዳንዴ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቃል አፍ ላይ ባይመጣም ሆድ ውስጥ አለ። ይህን በግልጽ አውርታችሁ ጨርሱት። ክራር የሚመታ ልጅ ሁሉ ዘፋኝ አይሆንም። ብትሆንስ? አስናቀች ወርቁ በክራሯና በመድረክ ትወናዋ ስሟ የተነሣ ሴት ናት፣ ዛሬ የሚያፍርባት የለም። መንፈሳዊ ነገር ይሻላል የሚሉ ከሆነም ክራር የለመደ እጅ ወደ በገና ለመሄድ አይቸገርም። ባለ 10 አውታር ነው፣ መጠኑ ግን ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል።

ለእርስዎ፦ በ39 ዓመት አልዘገዩም። በልጅነት ካልተጀመረ የሚያመልጠው ማንኛውንም ድምፅ ያለ ማነጻጸሪያ ሰምቶ ስሙን የመጥራት ችሎታ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙዎቹ ሙዚቀኞችም የላቸውም። ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ለስድስት ወር ፒያኖ ተምረው በአንዳንድ የማስታወስና የትኩረት ፈተናዎች የተሻሉበት ጥናት አለ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልመካበትም፣ መማር ግን ችለዋል። አዋቂ ከልጅ የሚያንሰው በጣት አይደለም፣ በትዕግሥት ነው። ልጅ መጥፎ ሲጫወት አያፍርም። እርስዎ ግን ጆሮዎ ጥሩ ዘፈን ለ39 ዓመት ስለሰማ የራስዎን ድምፅ በዚያ ይለኩትና በወሩ ይተዉታል። ከልጅዎ ጋር በአንድ ክራር ይጀምሩ። ትበልጥዎታለች፣ እሷም በጣም ትደሰትበታለች።

ውሳኔውን አንድ የትምህርት ዘመን ይስጡት። ከመስከረም እስከ ሰኔ ማቆም የለም ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ እሷም ቃሏን ትስጥ። ሰኔ ላይ በቃኝ ካለች ያለ ወቀሳ ይቁም፤ ክራሩንም ለሌላ ልጅ ይስጡት። ልቀጥል ካለች ሁለተኛውን ዓመት ይጨምሩ፣ ጆሮ ላይ የነገርኩዎት ለውጥ የሚጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

እህትዎን ኪቦርዱን ለጊዜው እንዳትልክ ይንገሯት። በኋላ ስትልክ 61 ቁልፍ ያለው፣ ቀስ ሲነኩት ቀስ የሚል፣ ጠንከር ሲሉበት የሚጮህ ይሁን። ይህ የሌለው ጣትን ያደነዝዛል። ከላይ የተደረደሩት በራሳቸው የሚጫወቱ የምት ቁልፎች ቢበዙም ባይበዙም ለውጥ የለውም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ እነዚያን ቁልፎች በፕላስተር ይሸፍኗቸው፤ አለበለዚያ ልጅቷ አንዷን ተጭና እጇን አጣጥፋ ኪቦርዱ ሲጫወት ትሰማለች።